ካባው ያማከራት ተማሪ

የምነግራችሁ ከተማ ስም አላት። ስሟን በጽሑፍ ለመጥራት ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ግን የሚከፈተው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ማክሰኞ ልብስ አጥባለሁ። ስለዚህ ያለ ስም ትቅር።

የእኔ ስም ስንዱ ነው። አልተማረችም የሚሉኝ አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። የተማርኩት ከቆሎ መጠቅለያ ነው። ከተማችን ውስጥ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪዎቹ ጽፈው ያስረከቡት ጥናት ሁሉ መጋዘን ይገባል፤ መጋዘኑ ሲሞላ ለቆሎ ሻጮች ይታደላል። በልጅነቴ ቆሎውን እየቆረጠምኩ መጠቅለያውን አነብ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ የአጎቴ ሚስት ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ማንም አላስቆጠረኝም። ስለ ደም ዝውውር ከገጽ አርባ አንድ እስከ አርባ አራት፣ ስለ ድልድይ አሠራር መግቢያውን ብቻ፣ ስለ ውርስ ሕግ ማጠቃለያውን አውቃለሁ። የጎደለውን ራሴ አስቤ ሞላሁት። ኋላ አንዳንዱን ጥናት ሙሉውን ሳገኘው፣ እኔ የሞላሁት ከጸሐፊው የተሻለበት ቦታ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራት ነው።

ሥራዬ አድማጭነት ነው። ዩኒቨርሲቲው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአደባባይ ንግግር ያዘጋጃል። ድሮ የከተማው ሰው ይመጣ ነበር አሉ። መምጣቱን ሲተው ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመና፣ ከሁለት ዓመት ምርመራ በኋላ ችግሩ የአድማጭ እጥረት መሆኑን ደረሰበት። እኛ ተቀጠርን። ሁለት መቶ ነን። አለቃችን ጋሼ መኮያ ነጭ መሐረብ ይዘው መድረኩ ጥግ ይቆማሉ። መሐረቡ አንዴ ሲወዛወዝ ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ሁለቴ ሲወዛወዝ «እምም» እንላለን፤ ወደ ላይ ሲወረወር እናጨበጭባለን። በቅጥር ውላችን ላይ «አድማጭ ያደምጣል እንጂ አይረዳም» የሚል ቃል አለ።

«የተረዳ ሰው ምን ይደረጋል?» ብዬ በመጀመሪያው ቀን ጋሼ መኮያን ጠየቅኳቸው።

«እስካሁን አልገጠመንም» አሉኝ።

የአዳራሹ ወንበር ብረት ነው፤ ይቀዘቅዛል። አድማጮች በብርድ መታመም ሲያበዙ ዩኒቨርሲቲው ለእያንዳንዳችን የተቋሙን ደንብ የያዘ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አደለን፤ እንድንቀመጥበት። መቶ ዘጠና ዘጠኙ ተቀመጡበት። እኔ ብርዱን ችዬ አነበብኩት። በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህች የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ተቋሙም እስከ ዛሬ ስህተቱ መጽሐፉን ማደሉ ላይ ነበር ይላል እንጂ ሌላ ቦታ አይፈልግም።

ትርንጎን ያወቅኋት በዩኒቨርሲቲው ሻይ ቤት ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናት፤ ስምንተኛ ዓመቷ ነበር። እኔ ተማሪ አልወድም፤ ትርንጎን የወደድኳት የምትሠራውን ስጠይቃት እጇን እያወናጨፈች ስለ ነቀዝ ስለነገረችኝ ነው። ሌሎቹ ስለ «ማዕቀፍ» ነበር የሚነግሩኝ።

በአገሯ ማሽላ ጎታ ውስጥ ገብቶ ስድስት ወር ሳይሞላው ነቀዝ ይፈጀዋል። አሮጊቶች ማሽላውን ከጤፍ ጋር ደባልቀው ሲያስቀምጡ አይታ ምክንያቱን መመርመር ጀመረች። ጤፉ ደቃቅ ስለሆነ በማሽላው ፍሬ መሃል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ነቀዙ መሄጃ ያጣል፣ እንቁላል መጣያ ያጣል፣ ይሞታል። ስንት እጅ ማሽላ፣ ስንት እጅ ጤፍ፣ ምን ያህል የደረቀ፣ ይህን ማንም ለክቶት አያውቅም። ሰባት ቤተሰብ ጎታቸውን ሰጥተዋት ነበር። በሦስቱ ጤፍ፣ በሦስቱ አመድ ደባለቀች፤ ሰባተኛው ለማነጻጸሪያ እንዲሁ ቀረ። የሰባተኛው ባለቤት እህሉ ዱቄት ሲሆን እያየ «ግድ የለም፣ ለሌላው ይሁን» አላት። እንግዲህ ትርንጎ ለእነዚያ ሰዎች መልስ ይዛ ልትመለስ ቃል ገብታለች። ጥናቱ ካለቀ አምስት ዓመት አልፎታል።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«ካባውን» አለችኝ።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ወሰንየለህ ይባሉ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመቷ ሞቱ። ከቤተ መጻሕፍት የወሰዱትን አንድ መጽሐፍ ግን አልመለሱም። መጽሐፍ ያልመለሰ ሰው ክሊራንስ አያገኝም፤ ክሊራንስ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ከሥራ አልተሰናበተም። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ በደንቡ መሠረት ሥራ ላይ ናቸው። ቢሯቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ፣ የማዕረግ ካባቸው ተሰቅሎ አሥራ አራት ተማሪዎችን ያማክራል። ይቅርታ፤ ያማክራሉ። «ካባው» በአንቱታ ነው የሚጠሩት። ባለፈው ዓመት የማዕረግ ዕድገት አግኝተዋል።

የካባው እንደራሴ አቶ ደባልቄ የሚባል ሰው ነው። ተማሪ ጽሑፉን ይዞ ሲገባ አቶ ደባልቄ ካባውን ትንሽ ይመለከትና ይተረጉማል።

«ካባው ምን አሉ?» ብዬ ትርንጎን በየሳምንቱ እጠይቃት ነበር።

«ምዕራፍ ሁለት ላይ ቅሬታ አላቸው።»

«ምን ዓይነት?»

«አልገለጹትም።»

ስታለቅስ ያያት አንድ ጨዋ ሰው ወደ ትምህርት ድጋፍ ማዕከል ላካት። በማዕከሉ ሦስት ባለሙያዎች ተመደቡላት። አንደኛው «እንዴት ነሽ?» ይላታል፤ ሁለተኛው መጠየቋን ይመዘግባል፤ ሦስተኛው መጠየቋ እንደረዳት ያስፈርማታል። ይህ በሳምንት ሁለት ቀን ይወስዳል። «ድጋፉ ጊዜ ነሳኝ» ብላ ብታመለክት በድጋፍ ለተጎዱ የሚሆን ሌላ ድጋፍ ጀመሩላትና ሦስተኛ ቀን ሄደ።

በዚህ መሃል ዘጠነኛው ዓመት ደረሰ። ደንቡን ያነበብኩት እኔ ነኝና ምን እንደሚከተል ለትርንጎ የነገርኳት እኔ ነኝ። በዘጠኝ ዓመት ያልጸደቀ ጥናት የአማካሪው ይሆናል። አማካሪው በአደባባይ ንግግር ያሰማዋል፤ ከተጨበጨበለት በኋላ በአማካሪው ስም መጋዘን ይገባል። ተማሪው ያለ ወረቀት ወደ አገሩ ይሸኛል። በንግግሩ ቀን ኋላ ግድግዳው ስር «የተደጋፊ ወንበር» በሚባለው ላይ ተቀምጦ ያደምጣል፤ መናገር አይፈቀድለትም።

«የፊታችን ሐሙስ ነው» አለች ትርንጎ። ሻይዋ ቀዝቅዟል። «መጋዘን ከገባ አለቀ። ለሰባቱ ቤት ምን እላቸዋለሁ? ካባ ወሰደብኝ ልበል?»

«በቃልሽ ብትነግሪያቸውስ?»

«የካባውን ሀብት ያለ ካባው ፈቃድ መናገር ያሳስራል ብለሽ ያነበብሽልኝ አንቺ አይደለሽም?»

እውነቷን ነው። አንብቤላታለሁ።

«እሺ፤ ሌላም ያነበብኩት አለ» አልኳት። አንቀጽ አሥራ ሰባት እንዲህ ይላል፦ «የአደባባይ ንግግር ማለት ሁለት መቶ አድማጮች ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው የተቀመጡለት ሰው የሚናገረው ነው።» መድረክ አይልም። ካባ አይልም።

«አብደሻል» አለች።

«አንቺ ብቻ የምትናገሪውን አዘጋጂ። የወንበሩን ነገር ለእኔ ተዪው።»

ረቡዕ ዕለት አድማጮቹን አንድ በአንድ አነጋገርኳቸው። አንዳንዱ ፈራ፤ አንዳንዱ «እኔ ምን አገባኝ» አለ። «ምን አገባኝ ካልክማ ራስህን ለምን ትነቀንቃለህ?» አልኩት አንዱን። ከእኔ ጎን የሚቀመጡት እማማ ይመኙሻል ግን ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ተቀበሉኝ።

«እኔ ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ስነቀንቅ አንገቴ ታሟል» አሉ። «ሐኪሙም ወደ ጎን አዙሪው ብሎኛል።»

ሐሙስ ደረሰ። ሁለት ሰዎች ካባውን ከነወንበሩ ተሸክመው መድረክ ላይ አስቀመጡት። ግራ እጅጌው በብል ተበልቷል፤ ፕሮግራም መሪው «ካባው መጠነኛ ሕመም ላይ ሆነው ነው የመጡት» ሲል ጋሼ መኮያ መሐረቡን ወረወሩ፤ አጨበጨብን። ትርንጎ ኋላ ግድግዳው ስር ተቀምጣለች። አቶ ደባልቄ ጉሮሮውን ጠራርጎ ማንበብ ጀመረ።

«እኛ፣ ካባው፣ በነቀዝ ላይ ለዘጠኝ ዓመታት ባደረግነው ምርምር… ሁለት እጅ ጤፍ ከአንድ እጅ ማሽላ ጋር…»

ልኩን ገልብጦ አነበበው። አስቀድሞ አንዴ እንኳ አላነበበውም። በዚያ ልክ የሚደባልቅ ገበሬ ለዓመት ያሰበውን ጤፍ በሙሉ አንድ ጎታ ውስጥ ይቀብረዋል። ወደ ኋላ ስመለከት ትርንጎ ከንፈሯን ነክሳለች። ጋሼ መኮያ መሐረቡን አንዴ አወዛወዙ። መቶ ዘጠና ዘጠኝ ራስ ተነቀነቀ።

ተነሣሁ። ወንበሬን ጎትቼ አዞርኩት፤ ጀርባዬን ለመድረኩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። ሌላ ወንበር አልተነቃነቀም። እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ጆሮዬ ጋለ። ኩራቴ ግን ተመልሼ እንድዞር አልፈቀደልኝም።

«ኧረ አግዙኝ፣ ወንበሩ ከበደኝ» አሉ እማማ ይመኙሻል።

ሁለት ሰዎች ተነሥተው አገዟቸው፤ ከተነሡ አይቀር የራሳቸውንም አዞሩ። ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ የኋላው ረድፍ። የወንበሩ ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ጋሼ መኮያ ግራ ገብቷቸው ላባቸውን በመሐረቡ ሁለቴ ቢጠርጉ፣ ገና ያልዞሩት የመጨረሻ ረድፎች ከልማድ የተነሣ «እምም» እያሉ ዞሩ።

«ካባው ተቆጥተዋል!» ብሎ ጮኸ አቶ ደባልቄ። «ካባው እጅግ ተቆጥተዋል!»

«ከተቆጡ ራሳቸው ይናገሩን» አልኩ ሳልዞር። «ዝም ብለን እንሰማቸዋለን።»

ሰው ሁሉ ጠበቀ። ካባው ምንም አላሉም።

«በአንቀጽ አሥራ ሰባት መሠረት» አልኩ፣ «ተናጋሪዋ ፊት ለፊታችን ናት።»

ትርንጎ ተነሣች። ስለ ሰባተኛው ጎታ ጀመረች፤ ስለ ባለቤቱ፣ እህሉ ዱቄት ሲሆን ስላለው ነገር። ከዚያ ልኩን ተናገረች፦ ሁለት እጅ ማሽላ፣ አንድ እጅ ጤፍ፤ ጤፉ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ የተሰጣ፣ አለዚያ ይሞቅና ይሻግታል። መሐረብ የሚያወዛውዝልን አልነበረም፤ ግን አንዳንዱ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት፤ በገባው ቦታ ብቻ።

ስትጨርስ እማማ ይመኙሻል ተነሥተው እጃቸውን አወጡ። በዚያ አዳራሽ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

«ልጄ፣ ጤፉን ኋላ ከማሽላው በምን እለየዋለሁ?»

«በወንፊት ነው እማማ። ጤፉ ያልፋል፣ ማሽላው ይቀራል።»

«ጤፉስ ይበላል?»

«ምን ይሆናል? ይበላል እንጂ።»

«ተባረኪ» አሉ እማማና ተቀመጡ።

በማግስቱ አጣሪ ጉባኤ ተሠየመ። ተቋሙ ንግግሩን መካድ አልቻለም፤ አንቀጹ የራሱ ነው። ግን ሌላ አንቀጽ አገኙ፦ ከሁለት መቶው አድማጭ አንድ እንኳ ያልተረዳው ንግግር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ እያንዳንዳችን እየተጠራን «ምንም አልገባኝም» በሚል ወረቀት ላይ እንድንፈርም ሆነ። አልፈርምም ያለ ሰው በጉባኤው ይፈተናል። ሁሉም ከፈረመ ጥናቱ ወደ ካባው ይመለሳል፤ ትርንጎም ቅዳሜ ከማደሪያዋ ትወጣለች። ሻንጣዋን ይዛ ከጉባኤው በር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ሰዎቹ ፈረሙ። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች አሏቸው። እማማ ይመኙሻል ሳይቀሩ ፈረሙ። ሲወጡ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «ፈረምኩ ልጄ» አሉኝ። «ምንም አልገባኝም ብዬ ፈርሜ፣ አሁን ጤፍ ላሰጣ ወደ ቤት መሄዴ ነው።»

እኔን ለመጨረሻ አቆዩኝ። መቶ ዘጠና ዘጠኝ ፊርማ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ሰብሳቢው ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ድካም ያለበት ሰው ነው። በቀኙ አቶ ደባልቄ ከነካባው ተቀምጧል፤ በግራው የሚነገረውን ሁሉ ሳይቀንስ ሳይጨምር እንዲመዘግብ የታዘዘ ጸሐፊ አለ።

«ስንዱ ታፈሰ፤ የትምህርት ደረጃ?» አለ ሰብሳቢው።

«እናንተ ስትናገሩ ዘጠኝ ዓመት አድምጫለሁ። ከእናንተ የተማረ ሰው ስንተኛ ደረጃ ነው የሚባለው?»

ጸሐፊው ጻፈ።

«ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ» አለኝ አቶ ደባልቄ። «ማስረጃ የሌለው ሰው አይረዳም። ፈርሚና ሂጂ፤ ሥራሽም ይቆይልሻል።»

«አልፈርምም። ገብቶኛል።»

«ምን ገባሽ?»

ነገርኳቸው። ከሰባተኛው ጎታ ጀምሬ፣ ስለ ክፍተቱ፣ ስለ ልኩ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ወንፊቱ፣ አንድም ሳላስቀር። አመዱም እንደሚሠራ፣ ግን እህሉን ለማጠብ ውኃ እንደሚፈጅ፣ ውኃ ሩቅ የሆነበት አገር ጤፉ እንደሚሻል ነገርኳቸው። እየተናገርኩ ሳለ ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። መጀመሪያ የሰለቸው መስሎኝ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ።

«በቆሎስ ላይ?» አለ።

አቶ ደባልቄ ዞር ብሎ አየው።

«ማለቴ» አለ ሰብሳቢው፣ «የበቆሎ ፍሬ ትልቅ ነው፤ ክፍተቱም ይሰፋል። አንዳንድ ሰው ቤት… እኔ ቤት አራት ጆንያ በቆሎ አለ። ሦስት ወሩ ነው። ዛሬ ጧት ከሥሩ ዱቄት እየፈሰሰ ነበር። ልኩ ያው ነው ወይስ ጤፍ ይጨመራል?»

መልሱን አውቀው ነበር። ትርንጎ ሻይ ቤት ውስጥ ነግራኛለች። አልነገርኩትም።

«እኔ የሰማሁትን ተናገርኩ» አልኩ። «ይህን የሚመልሰው ጥናቱን የሠራው ሰው ነው።»

ሰብሳቢው ወደ ካባው ዞረ። ሁላችንም ዞርን። «ካባው ስለ በቆሎ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ ከልቡ ነበር የጠየቀው።

አቶ ደባልቄ ካባውን አየ። የተበላውን እጅጌ አስተካከለ። «ካባው ያስቡበታል» አለ።

«እስከ መቼ?»

«በሚቀጥለው የጥናት ዘመን መጀመሪያ ላይ…»

«በቆሎዬ ለሚቀጥለው ሳምንት አይደርስም!»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ቆየ። «ጌታዬ፣ ጥያቄዎን መዝግቤያለሁ» አለ። «መዝገቡ ግን 'ጥያቄው የቀረበለት ተናጋሪ' የሚል ቦታ አለው። ማን ልበል?»

አቶ ደባልቄ «ባዶ ይተው» አለ። ጸሐፊው «ባዶ መተው አልተፈቀደልኝም» አለው። ሰብሳቢው የፊርማውን ክምር አየ፣ ካባውን አየ፣ እኔን አየኝ። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ስሟ ማን ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ጌታዬ ያውቁታል። በራስዎ አፍ ይጥሩት።»

መነጽሩን ተመልሶ አደረገ።

«ትርንጎ አበጋዝ» አለ። «ለትርንጎ አበጋዝ የቀረበ ጥያቄ ብለህ ጻፍ። ትግባ።»

ጸሐፊው ከነአባቷ ጻፈው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።